በለሱ ፍሬ የያዘ ዓመት

ባለቤቴ ካሊፎርኒያ ወንድሙን ሊጠይቅ ሄዶ ሲመለስ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ የበለስ ቁልቋል ቅጠል ይዞ መጣ። እዚያ ውቅያኖስ ዳር ቁጥቋጦው ውስጥ በራሱ የሚበቅል ዓይነት ነው፤ ወንድሙ ግቢም ሞልቷል።

"እማዬ በለስ ነፍሷ ነው" አለኝ።

እኛ የምንኖርበትን፣ ዴንቨር አጠገብ ያለውን የአውሮራን ብርድ ስለማይችል በባልዲ ተከልነው። ዊንተር ሲመጣ ሳሎን እናስገባዋለን፣ ሲሞቅ በረንዳ እናወጣዋለን። ዓመታት ቆይቶ ፍሬ ሲይዝ ግን አብረውን የሚኖሩት አማቴ የልጅ ልጆቻቸውን ስም እንኳ መርሳት ጀምረው ነበር።

አንድ ከሰዓት ልብስ ላጥብ ቤዝመንት ወርጄ ስመለስ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። አገጫቸው ላይ ቀይ ጭማቂ ወርዷል። ፍሬውን በባዶ እጃቸው ቀንጥሰው ከነልጣጩ ነክሰውታል። በለስ ላይ ክፉው ትልቁ እሾህ አይደለም፤ ያ ጸጉር የመሰለው፣ ለዓይን እንኳ የማይሞላው ነው። ከንፈራቸው፣ ምላሳቸው፣ ላንቃቸው ሁሉ በእሱ ተሞልቷል።

ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ስለሆነ አልደነገጥኩም። ወረንጦ አምጥቼ፣ አፋቸውን አስከፍቼ አንዷን ነቀልኩ። ሁለተኛዋን ስይዝ ጮኹ።

"ምን በደልኩሽ? ለምን ትወጊኛለሽ?"

"እኔ አይደለሁም እማማ፣ በለሱ ነው የወጋዎት።"

"የምን በለስ?"

መብላታቸውን ረስተውታል። ለእሳቸው ሕመሙ የጀመረው ከእኔና ከወረንጦው ነው።

ባለቤቴ ሥራውን ትቶ መጣና ኢመርጀንሲ ወሰድናቸው። ሐኪሟ የቻለችውን አወጣች፤ "የቀረው በራሱ ጊዜ ይወጣል" አለችን። እየታገሉ ሲያስቸግሩ እጃቸውን ጥብቅ አድርጌ የያዝኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ማየት አቅቶት ኮሪደር ወጥቶ ነበር።

ቁስሉ ዳነ። ባለቤቴ ወፍራም ጓንት አጥልቆ ቁልቋሉን ከነባልዲው ጣለው። እሳቸው የት ሄደ ብለውም አልጠየቁ። በለሱንም፣ ሆስፒታሉንም ረስተውታል። አፋቸው ግን እኔን አልረሳኝም። ማንኪያ ይዤ ስጠጋቸው ከንፈራቸውን ግጥም ያደርጋሉ።

"እማማ፣ ተቀይመውኛል እንዴ?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ኧረ ልጄ፣ ምን አድርገሽኝ!" አሉና ጉንጬን ዳበስ አደረጉኝ። ማንኪያውን ሳነሳ ፊታቸውን አዞሩ። ለምን እንደሆነ እሳቸውም አያውቁትም፤ ዓይናቸው ላይ ግራ መጋባቱ ይታያል። ይቅርታ እንዳልጠይቃቸው ይቅር የሚሉት ነገር የላቸውም።

አሁን ምሳ ሰዓት ሲደርስ ባለቤቴ፣ ዴንቨር ኤርፖርት በታክሲው ተሳፋሪ እየጠበቀም ቢሆን፣ ትቶ ይመጣል። ፍትፍቱን እኔ እሠራለሁ፣ እሱ ያጎርሳቸዋል። እኔ ኪችን ሆኜ ውኃውን ዘግቼ አዳምጣለሁ። ሲያኝኩ ይሰማኛል።