የአለቃዬ ምድጃና ሰባቱ ወፈፌ ቁጥሮች

ባሕር ዳር፣ የሬዲዮ ጥገና ክፍል ሥራ የጀመርሁት በደርግ ዘመን ነው። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ይግዛው በመጀመሪያው ቀን ቆጣሪው ፊት አቆሙኝ። ሰከንድን ሚሊዮን ቦታ ቆራርጦ የሚቆጥር ማሽን ነው።

«ይህን ማጥፋት ክልክል ነው» አሉኝ። «ውስጡ ያለው ክሪስታል ካልሞቀ ይዋሻል። አንተም እንዳትዋሽ።»

ሥራዬ በየሰከንዱ አንድ ምት የሚልከውን መሣሪያችንን መለካት ነበር። ምቱ ትንሽ ሲቀድም ወይም ሲዘገይ «ጂተር» እንለዋለን። ምቱን ከእኛ የሚቀበለው የሬዲዮ ጣቢያ «ምታችሁ ይዘላል» ብሎ ከሶን ነበር። ጥፋቱ ካልተገኘ መሣሪያው ወደ አዲስ አበባ፣ እኔም ከነሙከራ ጊዜዬ ወደ አባቴ ቤት!

መቶ ምት ለካሁ። ዘጠና ሦስቱ ተቀራራቢ፣ ሰባቱ ግን ወፈፌ ሆኑ። የእኔ ስሕተት ነው ብዬ ሰባቱን ጣልኋቸውና በምትካቸው ሰባት ደህና ቁጥር ለክቼ ጻፍሁ። ወረቀቱ ሲያምር!

አቶ ይግዛው ሰባቱ ቁጥሮች ያሉበትን፣ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ የጣልሁትን ወረቀት አወጡ።

«አባትህ መሪጌታ ናቸው አይደል?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ዳዊት ሲደግሙ የከበዳቸውን መዝሙር ይዘላሉ?»

«ኧረ አይዘሉም!»

«ታዲያ አንተ ማን ነህና ትዘላለህ? እንደገና ለካ፤ በየቁጥሩ ጎን ሰዓቱንም ጻፍ።»

አፈርሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ለካሁ። ወፈፌዎቹ የሚመጡት ጠዋት አራት ሰዓትና ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት ምን አለ? የአቶ ይግዛው ሻይ! ቢሯቸው ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ሲግል ራሱ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይበራል፤ መስመሩ ከእኛ ጋር አንድ ስለሆነ በጠፋና በበራ ቁጥር ምቱ ይዘላል።

ጉድ ፈላ! ቅጥሬ በእጃቸው ነው፤ ሻያቸውን ደግሞ እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚወዱት። ሪፖርቱን ሁለቴ ልቀደው ብዬ ተውሁት። በመጨረሻ «ምክንያት፦ የክፍል ኃላፊው ምድጃ» ብዬ ጻፍሁና ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሻያቸው እንደ ተጣደ፣ እየፈራሁ አስረከብሁ።

አነበቡት። ተነሡና ምድጃውን ራሳቸው ነቀሉት።

«እስቲ አሁን ለካ።»

መቶ ምት ለካሁ፤ አንድም ወፈፌ የለ።

«ምድጃዬን አስፈረድህበት፣ የመሪጌታ ልጅ!» አሉና እየሳቁ ፈረሙ።

ቅጥሬ ጸና። ከዚያ ወዲያ ሻይ የምንጠጣው ጣና ዳር ካለች ሻይ ቤት ሆነ። ክረምት ሲገባ፣ እሳቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ፣ ጃንጥላ ያዡ እኔ ነበርሁ።

መቶ ከለካህ መቶውንም ጻፍ። ጥፋቱ ያለው ልትጥለው ከፈለግኸው ቁጥር ውስጥ ነው።