ከፍ የተደረገችው የሙሽራ መኪና

ጎንደር ማራኪ አካባቢ ደመቀን የማያውቀው የለም። የዩኒቨርሲቲውን ሠራተኞች በአውቶቡስ ሲያመላልስ ነው ፀጉሩ የሸበተው። ዝምተኛ ነው፤ ጡሩምባ እንኳ ሲነፋ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ቀን ቀይ የሩጫ መኪና ይዞ ሰፈር ሲገባ ጉድ ተባለ። የሸጠለት ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ የሚመለስ የውጭ መምህር ነው። መኪናዋ መሬት ለመሬት የምትሄድ፣ ሞተሯ ሲነሣ የጎረቤት መስኮት የምታንቀጠቅጥ፣ ነዳጇን ትንሽ ነካ ሲያደርጓት የምትፈተለክ ናት። ሚስቱ ይርገዱ በስተርጅና ምን ነካህ ብላ ስንት ቀን አኮረፈችው። እሱ ግን እሁድ እሁድ ያጥባታል፣ ይወለውላታል፤ የሰው ሠርግ ሲኖር ሙሽራ ከማመላለስ በቀር ከግቢ አያስወጣትም። ሲነዳትም ከአውቶቡሱ አይፈጥንም፤ ይሄኔ የሰፈሩ ጎረምሶች በሳቅ ይፈርሳሉ።

ያለችው አንዲት ልጅ ኤሌኒ ናት። ሆስፒታል ነርስ ሆና ገና ዓመት ሳይሞላት ምስጋናው የሚባል አስተማሪ ሽማግሌ ላከባት። የልጁ ወላጆች ገበሬዎች ናቸው፤ ቤታቸው አምባ ጊዮርጊስን አልፎ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። ሸጋ ሰዎች፣ ሸጋ ልጅ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። በዚያ ሰሞን መንገዱ ሰላም ሆኖ ክፍት ስለነበር ቀኑን ላሻግር ያለ ሰው የለም፤ የነገውን ማን ያውቃል? ሙሽራዋ በምን ትሂድ የሚል ጥያቄ ደግሞ ከነጭራሹ አልተነሣም። ስንቱን የሰው ልጅ የዳረች መኪና የባለቤቷን ልጅ ሳትድር ልትቀር ነው?

ጣጣው የመጣው ደመቀ መንገዱን ልየው ብሎ ብቻውን የሄደ ዕለት ነው። እስከ አምባ ጊዮርጊስ አስፋልት ነው፤ ደህና ሄደ። ከአስፋልቱ ወርዶ ኮረኮንቹን ሲይዝ ግን የመኪናዋ ሆድ ድንጋዩን ይፍቀው ጀመር። አንዱ ድንጋይ ላይማ ጭራሽ ተንጠልጥላ ቀረች። ከእርሻቸው የሚመለሱ ሰዎች ደርሰው፣ ይቺ እግር የላትም ወይ እያሉ እየሳቁ፣ አንሥተው አሻገሩለት። ደመቀም አብሯቸው ለመሳቅ ሞከረ። ዓይኑ ላይ ድቅን ያለችበት ግን ኤሌኒ ናት፤ በነጭ ቬሎዋ አቧራው መሐል ቆማ፣ ሚዜዎቹ መኪና ሲገፉ።

በማግሥቱ አዘዞ ወደ ፊልጶስ ጋራዥ ሄደ። ፊልጶስ እጁ የማይታማ መካኒክ ነው፤ አንድ ክፉ ዓመል ብቻ አለበት፣ እምቢ ማለት አይሆንለትም። ነገሩን አብራራለት። ደንበኛው ሥራ መኪናዋን የተሸከመውን የፋብሪካ ሞላና ንዝረቱን የሚያበርደውን አሞርዛተር አውጥቶ ረዘም ባለና ጠንከር ባለ ሙሉ ዕቃ መቀየር ነው። እሱ ደግሞ ጎንደር ውስጥ አይገኝም፣ ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት። ያ ካልሆነ ያለው ታኮ ነው፤ ከሞላው በላይ ጥቅጥቅ ያለ ክብ ጎማ አስገብቶ መኪናዋን ከፍ ማድረግ። ስንቱ የከተማው መኪና በታኮ ይሄድ የለም እንዴ!

ከደመቀ ጋር አውቶቡስ የሚነዳ አንድ ባልደረባው ይህን ሲሰማ ዓይኑ ፈጠጠ። ይቺን መኪና የሠሯት ሰዎች ዝቅ ያደረጓት መንገዱን ቆንጥጣ እንድትይዝ ነው፣ የፋብሪካውን አትንካባት፣ ከፍ ያለች እንደሆነ ኩርባ ላይ ትጥልሃለች አለው። ደመቀ ይህን ሰምቶ እንቅልፍ አጣ። ታኮ ካላስገባ ልጁ ኮረኮንቹ ላይ ትዋረዳለች፤ ካስገባ ደግሞ መንገዱ ላይ የኮሶዬ ገደል አለ። ጧት አስገባዋለሁ ብሎ ይነሣል፣ ከሰዓት ይቅርብኝ ይላል። ከአዲስ አበባ የታዘዘው ሙሉ ዕቃ እንደሆነ ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል ሲባል ውሎ አድሮ ቀረ። ሠርጉ ደጅ ላይ ደረሰ። በመጨረሻ ውርደቱ ከገደሉ ይልቅ ቅርብ ሆኖ ታየውና አስገባው አለ።

ፊልጶስ ታኮውን አስገባ። የፋብሪካው ብሎን አጥሮ አልደርስ ስላለው ከሌላ መኪና የወለቀ ረዘም ያለ ብሎን ፈልጎ አሠረው። መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች፤ እግር አወጣች። ሰፈሩ ሁሉ አሁን ገና መኪና ሆነች አለ።

የሠርጉ ዋዜማ ቅዳሜ ነው። ደመቀ ለማንም ሳይናገር መኪናዋን ይዞ ወጣ። ወለቃን አለፈና ጠመዝማዛው ላይ ትንሽ ፈጠን አለ፤ ጎረምሳ ሚዜ እንደሚነዳት አድርጎ፣ የሚነዳት እሱ አይደለማ። በእኛ አገር የሴት ሙሽራ አባት ልጁን መርቆ ይቀመጣል እንጂ ተከትሏት አይሄድም፤ ሙሽራዋን ይዘው የሚሄዱት ሚዜዎቹ ናቸው። ኩርባው ላይ መኪናዋ ጎኗን ጣለች። ኋላዋ ከአስፋልቱ ሊሸሽ ሲል መሪውን መለሰ፤ መሪው ዘግይቶ ታዘዘው። ጥግ ይዞ ቆመ። በሠላሳ ዓመት የሹፌርነት ዘመኑ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

ወደ አዘዞ በረረ ማለት ይቻላል፣ ቀስ እያለ የሚበር ሰው ካለ። ያን ቀን አስተርእዮ ማርያም ነበረች፤ ጋራዥ ሁሉ ዝግ ነው። ፊልጶስ ለበዓሉ ወደ ዘመዶቹ ወደ ጭልጋ ሄዷል፣ ስልኩ አይሠራም። ሌላ መካኒክ ጋ ቤቱ ድረስ ሄዶ ታኮውን አውጣልኝ ብሎ ለመነ፤ ሰውዬው በማርያም ቀን ብረት አልነካም ብሎ መረቀና ሸኘው።

ቤት ሲገባ ዳሱ ተጥሏል፣ ሴቶቹ ወጥ ያማስላሉ። ይርገዱን ወደ ጓዳ ጠርቶ ስለ መኪናዋ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ መንገድ ላይ ምናልባት ብሎ ሲጀምር አፉን በእጇ ያዘችው።

«ደመቀ፣ በልጄ ሠርግ አታሟርትብኝ!»

ታሟርታለህ መባል ቀላል ስድብ አይደለም። በሠርግ ሰሞን የአደጋ ስም አይነሣም፤ ያነሣው ሰው ራሱ እንደጠራው ይቆጠራል። ሌላ መኪና ይሁን እንዳይል ለምን ሲሉት ምን ይበል? ተበላሸች እንዳይል የሙሽራ መኪና ደጅ ላይ እምቢ አለች ከተባለ ይርገዱ ይህን የትዳሩ ክፉ ምልክት አድርጋ ዕድሜ ልኳን ስትብሰለሰል ትኖራለች። ፍርሃቱን ለብቻው ይዞት ቀረ።

እሁድ ረፋዱ ላይ ሚዜዎቹ እየጨፈሩ ገቡ። ተበላ፣ ተጠጣ። ኤሌኒ የወላጆቿን ጉልበት ስትስም ይርገዱ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ደመቀም የልጁን ግንባር ይዞ መረቃት፤ ምርቃቱ ግን ከአፉ ተቆራርጦ ነው የወጣው። ሰው የአባት አንጀት ነው ብሎ አዘነለት። መኪናዋ በአበባና በሪባን አጊጣ ደጅ ቆማለች። የመጀመሪያው ሚዜ ወንዴ፣ በፈጣን ነጂነቱ የሚኩራራ ልጅ፣ እጁን ዘረጋ።

«ጋሼ ደመቀ፣ ቁልፉን።»

ደመቀ አልሰጠውም። የሾፌሩን በር ከፍቶ ገባና ተቀመጠ። ጭፈራው ቀዘቀዘ። የይርገዱ ታላቅ ወንድም አያ ሐብተ ማርያም ጭራቸውን ይዘው ወደ መስኮቱ ጎንበስ አሉ።

«ምነው ደመቀ? የሙሽራ አባት ሴት ልጁን ተከትሎ ሲሄድ የት አይተሃል?»

«መኪናዋን ለሰው አልሰጥም፣ አያ» አለ። ሊናገራት የሚችላት ምክንያት ይቺ ብቻ ነበረች።

ሽማግሌው ቀና ብለው ወደ ሰዉ ዞሩና ለቆርቆሮው ሳስቶ ነው አሉ። ሳቁ ዳሱን አናጋው። ይርገዱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። ኤሌኒ ከኋላ ገብታ ከምስጋናው ጎን ተቀመጠች፤ አባቷን አላየችውም። ደመቀ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። ቢሆንም ቁልፉን አዞረ።

እንዲህ ያለ የሠርግ ጉዞ ጎንደር አይታ አታውቅም። ቀይዋ የሩጫ መኪና ከፊት፣ ያ ሁሉ አጃቢ ከኋላ፣ ሁሉም ጡሩምባውን እየነፋ፣ ፍጥነቱ ግን የቀብር። ቪዲዮ የሚቀርፀው ልጅ ከአንድ ፒካፕ ላይ ሆኖ ንካው፣ ንካው እያለ እጁን ያወናጭፋል። ከደመቀ ጎን የተቀመጠው ወንዴ ጋሼ ቢያንስ ሦስተኛ ማርሽ አለ እኮ እያለ ያሾፋል። ደመቀ አይሰማም። ዓይኑ መንገዱ ላይ፣ ጆሮው ከጎማው ሥር ነው። ወለቃ ላይ ሸክላ የሚሸጡት ሴቶች እልል አሉለት፤ ዞር ብሎም አላየም።

ኮሶዬ ሲደርሱ በአንድ በኩል ተራራው፣ በሌላው በኩል ያ ወለል ያለ ገደል መጣ። በልቡ እመቤቴ፣ ይቺን ኩርባ ብቻ ይላል፤ ኩርባይቱ ስታልቅ ሌላይቱን ይለምናል። አንዱ መታጠፊያ ላይ አንድ የጭነት መኪና መሐል መንገዱን ይዞ ድንገት ብቅ አለ። ደመቀ ወደ ገደሉ ጠርዝ ጠጋ አለለት። ያኔ ከፊት ጎማው በኩል ቋ የሚል ድምፅ የሰማ መሰለው። ይስማው ወይ ይምሰለው እሱም አላወቀም፤ ጡሩምባው ነው፣ ዘፈኑ ነው፣ ልቡም ጆሮው ውስጥ ይመታል። መሪው ትንሽ ወደ ግራ የሳበው መሰለው። ልቁም ብሎ አሰበ። ቆሞ ምን ሊል ነው? ሙሽራ ገደል አፋፍ ላይ ውረጂ ይባላል? እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሣና መኪናዋን በሰው እርምጃ አስኬዳት። ከኋላ ያለው አጃቢ በጡሩምባ ሰደበው። በመስታወቱ ኤሌኒን አያት፤ አንገቷን ደፍታ ከንፈሯን ነክሳለች። ስለ እሱ እንዳፈረች አወቀ። ፍጥነቱን ግን አልጨመረም።

የሙሽራው አገር ሲደርሱ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ኮረኮንቹን ከፍ ያለችው መኪና ሳትነካው አለፈችው፤ ይህን ያስተዋለላት ሰው የለም። እልልታው ቀለጠ፣ ኤሌኒን አቅፈው አስገቧት። የሙሽራው አባት ሾፌሩ የሙሽራዋ አባት መሆኑን ሲሰሙ ግራ ተጋብተው እንዲገባ ለመኑት። ደመቀ ወግ አይፈቅድልኝም አለ። አጃቢዎቹ ጠላ ሲጠጡ እሱ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ተመልሶ መሪ ጨበጠ። ብቻውን ሆኖ መንገዱ ቀለለው። ቢወድቅም እሱ ብቻ ነው የሚወድቀው።

ሰኞ ጧት ፊልጶስ ከጭልጋ እንደተመለሰ መኪናዋን በክሪክ አነሣት፣ የፊት ጎማውን ፈታ። ለወትሮው ሥራ ላይ ሲሆን ምላሱ የማያርፍ ሰው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ። ታኮውን ያሠሩት ብሎኖች ሦስት ናቸው። ሁለቱ ተበጥሰዋል። ሦስተኛውም ግማሹ ተሰንጥቆ በጥቂት ብረት ነበር የያዘው። ፊልጶስ የተበጠሰውን አንዱን በጨርቅ ጠረገና ደመቀ መዳፍ ላይ አስቀመጠው። ትንሽ ፈጥና ቢሆን ኖሮ ብሎ ጀመረ፣ አልጨረሰውም። ደመቀ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ።

በዚህ መሐል ስልኩ ጮኸ። ኤሌኒ ናት። ደህና አደራችሁ ብላ ስለ እናቷ ጠየቀች፣ የአማቾቿን ደግነት አወራች፣ ነገ ለመልስ ወደ እናንተ ስንመጣ አለችና ድምፅዋ ዝቅ አለ። ሚዜዎቹ ከትላንት ጀምሮ እሱን እያነሡ እንደሚስቁ፣ የባሏ ቤተሰቦችም ሰምተው እንደሳቁ ነገረችው። እሷ አብራቸው መሳቅ እንዳልቻለች ነገረችው።

«አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ። በእኔ ቀን እንኳ መኪናህን ለሰው ማመን አቃተህ? ለመኪናዋ ብለህ ነው?»

ደመቀ መዳፉ ላይ ያለውን ብሎን አየ። ፊልጶስ ከመሬት ሆኖ ቀና ብሎ ያየዋል፤ ንገራት የሚል ይመስላል። ልጅቱ ግን ገና ሙሽራ ናት። መልሱ ነገ ነው፣ የምትመጣበትም ያው የትላንቱ መንገድ ነው፤ ያንን ገደል እየፈራች እንድትመጣ እንዴት ያድርጋት? ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ።

«አዎ ልጄ» አላት። «ለመኪናዋ ብዬ ነው። ይቅር በይኝ።»