የታደሰ ግራ እግር ገና አልሰማም

ዛሬ የደህንነት ቀበቶ ባይኖር ኖሮ ይህን የምጽፍላችሁ ከመኪናው መስታወት ማዶ ተዘርግቼ ነበር።

ከአየር ጤና ወደ ቤቴል በመኪና የሚወስደኝ የባለቤቴ ወንድም ታደሰ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ያሽከረከረ ጀግና፣ ዛሬ የልጁን አዲስ አውቶማቲክ ተውሶ መጣ።

አውቶማቲክ መኪና በግራ እግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የለውም። ይህን ታደሰ ያውቃል፤ ግራ እግሩ ግን ገና አልሰማም። መኪናውን ለማቆም ባሰበ ቁጥር፣ ፍሪሲዮን የረገጠ እየመሰለው ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ይደፋዋል።

እኔ ደግሞ ለአራሷ የእህቴ ልጅ የተሠራ፣ ክዳኑ የማይገጥም አንድ ድስት አጥሚት ታቅፌያለሁ።

«ታዴ፣ ለነዳጁም ለፍሬኑም ቀኝ እግርህ ይበቃል። ግራውን ጡረታ አውጣው!»

«አንተ ነህ እኔን መንዳት የምታስተምረኝ?» አለና እንደገና ረገጠው። የአጥሚቱን ግማሽ ሱሪዬ ጠጣው።

ዳር አስይዤ የግራ ጫማውን አስወለቅኩትና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ወዲያ ካልሲው ፍሬኑን በነካ ቁጥር ባንኖ እግሩን ይሰበስባል። በሰላም ደረስን።

ጫማውን መመለስ ግን «ረሳሁት»። አራሷ ቤት የተሰበሰቡት አክስቶቼ በአንድ እግር ጫማ ሲገባ አይተው ደነገጡ።

«ስለት አለበት» አልኳቸው።

«እሰይ፣ እግዜር ይቀበልህ!» ብለው፣ አራሷ ከጠጣች በኋላ የተረፈውን አጥሚት ለእሱ ቀዱለት። እኔን ሱሪህን እጠብ ብለው ወደ ባኞ ሰደዱኝ።

ግራ እግሩ ገና ያልሰማ ሹፌር እናንተም ቤት አለ? ግንባራችሁ ደህና ከሆነ ጻፉልኝ።