የአዳዳ በርና የኔ ሞተር

ከሚሴ ውስጥ አስፋልቱ ዳር ባለችው ጠባብ ሱቄ ፎቶ ኮፒ እያነሳሁ፣ የተበላሸ ላፕቶፕ እየፈታሁ እኖራለሁ። ሰው «ኢንጅነር» ይለኛል። ሰው ቢለኝ ግድ የለም፤ ክፋቱ እኔም አምኜ ነበር።

የአባቴ ታላቅ እህት፣ በኦሮምኛ አዳዳ የምንላት፣ ጉልበቷን ከያዛት ወዲህ ከአልጋዋ እስከ ግቢው በር መሄድ ከብዷት ነበር። ቀን ቀን ቤት ውስጥ ብቻዋን ናት። እንግዳ መጥቶ የቆርቆሮውን በር ያንኳኳል፤ እሷ ለመነሳት ስትታገል እንግዳው «ተኝታ ይሆናል» ብሎ ይመለሳል። አዳዳ ደግሞ ሰው የሚርባት ሴት ናት። «ሰው የሚመለስበት ቤት ምን ቤት ነው?» አለችኝ አንድ ቀን፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። አንጀቴን በላችው።

ከሁሉ ይልቅ የምትጠብቀው ታናሽ እህቷን እንደሆነ አውቅ ነበር። ታናሺቱ ሰንበቴ ከተማ ነው የምትኖረው። ልጇን ስትድር አዳዳን ሳትጠራ ቀረች፤ ከዚያ ወዲህ ተኳርፈው ዓመታት አለፉ። አዳዳ ስሟን አታነሳም። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ግን ጆሮዋ ይቆማል።

በሩ ክፍት ይዋል እንዳይባል የጎረቤት ፍየሎች አሉ። ግቢ ውስጥ የተሰጣ ማሽላ ካዩ እነሱ ሰላምታም አያውቁ።

«አብሽሪ፣ መላ አለው» አልኳት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። የበሩ መወርወሪያ ላይ ገመድ አስሮ ከአልጋዋ እንድትስበው ማድረግ ይቻል ነበር። ግን ገመድማ ማንም ያስራል፤ ኢንጅነር አያሰኝም።

አዲስ አበባ ያለ ወዳጄ በሚኒባስ ሾፌር እጅ አንዲት ሰርቮ የምትባል ሞተር ላከልኝ። የክብሪት ቀፎ ታክላለች። ሥራዋ የመጫወቻ አውሮፕላን ክንፍ ማንቀሳቀስ ነው። ከአንዲት ትንሽ ቦርድ ጋር ትያያዛለች፤ ቦርዷ በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር። ኮምፒውተሩ ቁጥር በዚያ ገመድ ይልካል፣ ይህን ሲሪያል ይሉታል፤ ዘጠና ሲላት ዘጠና ዲግሪ ትዞራለች፣ ዜሮ ሲላት ትመለሳለች። ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ የዞረች ለት ጎረቤቴን ፀጉር አስተካካዩን ጠርቼ አሳየሁት። «ሳምንቱን ሙሉ ሱቅህን የዘጋኸው ለዚች ነው?» ብሎኝ ወደ ደንበኛው ተመለሰ።

በሩ ላይ ስገጥማት በትንሿ ክንዷ የብረቱን መወርወሪያ ልትነቀንቀው አልቻለችም፤ አቃሰተችና ቆመች። ብረቱን በቀላል የእንጨት መወርወሪያ ቀየርኩ፣ እንጨቱንም ሳሙና ቀባሁት። የቦርዷን ገመድ በልብስ ማስጫው ላይ አሳልፌ ላፕቶፑን አልጋዋ አጠገብ ዱካ ላይ አስቀመጥኩ። አዳዳ የሚጠበቅባት የላፕቶፑን ረጅሙን ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ሁልጊዜ «ቢስሚላህ» ብላ ነበር የምትጫነው።

ለፍየሎቹ ደግሞ ሌላ ብልሃት ጨመርኩ፦ በሩ ከተከፈተ ጥቂት ቆይቶ መወርወሪያው ራሱ ይመለሳል። ስንት ይቆይ የሚለውን የለካሁት በራሴ ነው። አስከፍቼ ገባሁ፣ በሩን መለስኩ፣ ተዘጋ። አሠራሩን የተማርኩበት ቪዲዮ ላይ ያየሁትም ፈረንጅ እንዲሁ ነበር ያደረገው፤ ቤቱ ሰው የሌለበት ይመስል ዝም ብሎ ገባ። እኛ አገር እንግዳ እንደዚያ አይገባም። በሩ ቢከፈትለትም ውጭ ቆሞ ይጠይቃል፤ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጨፋ ሜዳ አዝመራ። «ግቡ» እስኪባል አይገፋም። እኔ ራሴ ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ በየሰው በር ቆሜያለሁ። ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ ግን አገሬ ከጭንቅላቴ ወጣች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

አንድ ከሰዓት በኋላ እዚያው ከአዳዳ ጋር ተቀምጬ ሳለ ከውጭ «አሰላሙ ዐለይኩም» የሚል ድምፅ መጣ። የአዳዳ እጅ ብርድ ልብሱ ላይ እንዳለ ቀረ። ድምፁን እኔም አወቅሁት። ታናሽ እህቷ ናት።

አዳዳ እኔን አየችኝ፣ ቁልፉን አየችው። «ቢስሚላህ» አለችና ተጫነችው። መወርወሪያው ተሳበ።

«አካም ጅርታ? ነጋ? ፈያ?» አለች ታናሺቱ ከውጭ፣ ደህንነቷንና ጤናዋን ስትጠይቅ።

«ነጋ፣ አልሐምዱሊላህ። አንቺስ? ኢጆሌን ነጋ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው። ጉልበትሽን እንዳመመሽ ሰምቼ...»

መወርወሪያው ቀጭ አለ።

ከዚያ ከውጭ፣ ቀስ ባለ ድምፅ፣ «ዘጋሽብኝ?»

«ወላሂ እኔ አይደለሁም» አለች አዳዳ። «ኮምፒውተሩ ነው።»

ከዓመታት ኩርፊያ በኋላ «ኮምፒውተሩ ነው» ሲባል ማን ያምናል? እኔ ዘልዬ ቁልፉን ደጋግሜ ቀጠቀጥኩት። ሞተሯ ወባ እንደያዘው ሰው ተንቀጠቀጠች፤ መወርወሪያው ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ፤ ላፕቶፑ ከቦርዷ ጋር መገናኘት አልቻልኩም አለኝ። ሞተሯ ገመዱ ከሚሰጣት በላይ ኃይል ጠጥታ ኖሯል። ሮጬ በእጄ ልከፍት ተነሳሁ።

«ቁጭ በል» አለች አዳዳ። «ለሷ ሌላ ሰው አይከፍትላትም።»

በቃ፣ በክብሪት ቀፎ ሁለት እህትማማቾች አለያየሁ ብዬ አፈርኩ። ቀና ስል ግን የአዳዳ እግሮች መሬት ነክተዋል፤ በእጇ ዱላዋን እየፈለገች ነው።

«እንዳትሄጂ፣ እየመጣሁ ነው» አለች ወደ ውጭ።

ግድግዳውን ይዛ፣ በየመሐሉ እየቆመች ሄደች። በበሩ ሥር የታናሺቱ ጫማ ይታያል፤ አልተነቃነቀም። እኔ ላፕቶፑን ታቅፌ ከኋላ እከተላለሁ፤ ለምን እንደታቀፍኩት እስካሁን አላውቅም። አዳዳ በሩ ጋ ስትደርስ የተቀረቀረውን መወርወሪያ በዱላዋ አንዴ ብትለው የሞተሯ ክንድ ተሰብሮ ማሽላው ውስጥ ወደቀ። በሩ ተከፈተ።

ይተቃቀፋሉ ብዬ ስጠብቅ ሰላምታውን ከሀ ጀመሩ። አካም ጅርታ፣ ነጋ፣ ፈያ። ከዚያ የተዳረችው ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ በነዚያ ዓመታት ሳይጠየቅ የቀረው ሁሉ ተጠየቀ። በኔ ስሌት ቢሆን በሩ በመሐሉ ስንቴ በተዘጋ ነበር። መጨረሻ ላይ አንገት ለአንገት ተያይዘው ሲያለቅሱ የኔም ዓይን እንባ አቀረረ። ግን ማልቀሻ ጊዜ አላገኘሁም፤ ፍየሏ ገብታ ማሽላውን ጀምራለች።

አሁን ከአዳዳ አልጋ እስከ መወርወሪያው ገመድ ተዘርግቷል። ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ለዚያ ኢንጅነር ያለኝ የለም። ሞተሯን ልነቅል ስል ግን አዳዳ እምቢ አለች። ሞተሯ ክንዷ እንደተሰበረ በሩ ላይ ናት። እንግዳ ምንድን ናት ብሎ ከጠየቀ፣ «እሷማ» ትላለች አዳዳ፣ «እህቴ ላይ በሩን ዘግታ ከአልጋዬ ያስነሳችኝ ናት።»