ግማሹ ክዳን

በተማሪው አድማ ምክንያት አዲስ አበባ ላይ ትምህርት ተቋርጦ ወደየቤታችን ስንበተን፣ እናቴ ሞጣ ሆና ለአንድ ጉዳይ ትጠብቀኝ ነበር። የቤታችን የሣር ክዳን አርጅቶ ባለፈው ክረምት ሲያፈስ ከርሟል። ሰንበሌጡን በበጋ አሳጭዳ ጓሮ ከምራዋለች። የቀራት ደቦ የሚጠራላት ሰው ብቻ ነበር፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ያ ሰው እኔ ነኝ። እሷ ብትጠራ ሰው አይመጣም ማለት አይደለም። ነገር ግን ወንድ ልጅ እያላት ራሷ በየደጁ ከዞረች፣ «ልጇ ምን ሆነና?» መባሉ አይቀርም። ስሜ በክፉ እንዳይነሳ ብላ ጠበቀችኝ።

እኔ ግን ቢቸና ላይ ከአውቶቡስ ወረድሁ። ሁለተኛ ደረጃ የተማርሁት እዚያ ስለሆነ ጓደኞቼን አንድ ቀን አይቼ ለማለፍ ነበር ያሰብሁት። ጠዋት ጠዋት የሞጣው አውቶቡስ ጥሩምባውን ሲነፋ እየሰማሁ «ነገ» እላለሁ። ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤት ተቀምጠን ስለ ገበሬው ኑሮ እንከራከራለን፤ ድምፁ ከሁሉም በላይ የሚሰማው የእኔ ነበር። እውነቱን ለመናገር የፈራሁት ሥራውን አልነበረም፤ ሰው ደጅ መቆምን ነበር። ደቦ የሚጠራው በእግር ሄዶ፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ የቤቱን ደኅንነት ጠይቆ ነው። አባቴ ሲያደርገው አይቻለሁ እንጂ እኔ አድርጌው አላውቅም። ከምን እንደምጀምር እንኳ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ከሞጣ ጌሾ ልትገዛ የመጣች ነጋዴ፣ የእናቴ ጎረቤት፣ ገበያ መሐል አየችኝ።

«አንተ! እዚህ ነህ እንዴ? እናትህ እኮ ልጄ ታስሯል ብላ ስታለቅስ ነው የሰነበተችው!»

«ዛሬ ልሄድ ነበር፣ እትዬ።»

«ዛሬማ መኪናው ሄዷል። ነገ ከእኔ ጋር ትሳፈራለህ። እምቢ ካልህ ከጌሾው ጋር ጠፍሬ ነው የምጭንህ!»

ሞጣ ስንደርስ ሐሙስ ነበር፤ እሁዱ ሆሳዕና ነው። አዲስ አበባ ከርሜ የአገሬን ቀኖች ረስቻቸው፣ ነገ የተባለ ሁሉ የሥራ ቀን መስሎኝ ኖሯል። ቅዳሜና እሁድ ሰንበት ነው። ከዚያ ሰሙነ ሕማማት ይገባል። ከትንሣኤ እስከ ዳግማይ ትንሣኤም ቤት ልክደን ብሎ የሚወጣ የለም። የበልጉ ዝናብ ሳይቀድመኝ የተረፈችኝ ዓርብ ብቻ ነበረች። እናቴ ግንባሬን ሳመችኝ እንጂ የት እንደቆየሁ አልጠየቀችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ወዲያው ወጥቼ መጀመሪያ የሄድሁት የአባቴ ባልንጀራ ወደነበሩት ሽማግሌ ቤት ነው።

«ተማሪው! ምነው፣ መንግሥቱን ገልብጣችሁ ጨረሳችሁ?» አሉኝ።

«አይ፣ አባቴ… ነገ የእናቴን ቤት ክዳን እንዲረዱን ብዬ ነው።»

«ለነገ ዛሬ? ነገ ስንቱ ሰው ለሌላ ቤት ቃል ገብቷል! አባትህ ቀደም አድርጎ ነበር የሚጠራን። እኔ እመጣለሁ። ለቀረው ግን ሂድና በየደጁ ተሰደብ። ይቀልልሃል።»

ተሰደብሁ። ጥቂት ሰዎች ግን ዓርብ ጠዋት መጡ።

አባቴ የሠራው ቤት እንደ ከተማ ቤት ወደ ሁለት ወገን የተዳፋ ክዳን አለው። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ሽማግሌው ከጣሪያው ላይ ተጣሩ።

«እቴ! ሰው አይበቃንም። ዛሬ የምንከድነው አንዱን ወገን ነው። የቱ ይሁን?»

እናቴ አላመነታችም። «የምሥራቁ ይሁን። የልጄ መደብ በዚያ በኩል ነው።»

«የእሷ መኝታ በምዕራብ ነው፣ እሱን ክደኑት!» ብዬ ጮህሁ።

«የቤቱ ባለቤት ተናገረች። አንተ አርፈህ ሣር አቀብል» አሉኝ።

ፋሲካ በዋለ በማግስቱ ዝናብ ጣለ። የእናቴ መደብ ራሰ። ቁርበቷን ምድጃው አጠገብ አነጠፈች፤ ጠብታው እንዲጠራቀምበት ከመደቡ ግርጌ ገበቴ አኖረች። በእኔ መደብ ተኚ ብዬ ለመንኋት።

«አንተ እንግዳ ነህ» አለችኝ። በክፉ አላለችውም፤ እኔን ግን ያን ያህል የቆረጠኝ ቃል የለም።

ዝናቡ ሲያባራ ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ። ሳምንቱ የእንኳን አደረሳችሁ ነውና የሰው ደጅ ሁሉ ክፍት ነበር። በገባሁበት ሁሉ የዳግማይ ትንሣኤን ማግስት ለእናቴ ቤት ጠየቅሁ። ምላሴ የተሳሰረው የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ላይ ብቻ ነው። መሐል ላይ ትምህርት መጀመሩ በሬዲዮ ተነገረ። ክዳኑ ሳያልቅ ግን አልተነሳሁም።

በቀጠሮው ቀን ሰው ግቢውን ሞላው። ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ሣር ታስሮ ሁሉም ጠላውን ሊጠጣ እንደገባ ዝናቡ ወረደ። እናቴ እጇ ለምዶባት ገበቴውን አንስታ ወደ መደቧ ሄደች።

«ምን ልትቀጂበት ነው እቴ?» አሏት ሽማግሌው።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ እሷም ሳቀች። እኔ ገበቴውን ከእጇ ተቀብዬ ወደ ጓዳ ወሰድሁት። ከላይ ጠብ የሚል አልነበረም። ከመደቧ ግርጌ ያለው መሬት ግን ገና አልደረቀም ነበር።