በሞላ ስልክ ውስጥ የቀረው ድምፅ

ሽማግሌዎቹ ሊቀመጡ አራት ቀን ሲቀራቸው ስልኬ እምቢ አለ። ድምፁን ልክፈት ስል ማስታወቂያ ይመጣል፤ ማስታወቂያውን ልዝጋ ስል ስልኩ ይደርቃል፤ ጥቂት ቆይቶ ራሱ ይጠፋና ራሱ ይነሳል። ከተነሳም በኋላ ቦታ ሞልቷል የሚል ጽሑፍ ያሳየኛል። ረቡዕ ቀን ሰባት ጊዜ ሞከርኩ። ሰባቱንም ጊዜ ያው ነው።

ድምፁ የጎረቤቴ ባል ድምፅ ነው። እሷም እንደ እኔ በሠፈራ ጊዜ ከወሎ የመጣች ናት። ሰውየው ግን የዚሁ አገር ተወላጅ ነበር፤ የመጀመሪያ ሚስቱ ሞታበት፣ ሁለት ወንዶች ልጆች ይዞ አገባት። ሲታመም ሁለት ሽማግሌዎችና እኔን አስጠራና በኦሮምኛ ተናገረ። ከወንዙ ዳር ያለው ቡና የሚስቴ ነው፣ ሌላው የልጆቼ ነው አለ። ከመሃላችን የሚቀዳ ስልክ የነበረኝ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ድምፁን ቀዳሁት። ቀድቼ ስጨርስ እጄን ይዞ "ይሄ አደራ ነው፤ ከእጅሽ እንዳይወጣ" አለኝ። በሳምንቱ ሞተ።

ከሁለቱ ሽማግሌዎች አንደኛው ተከትሎት ሄደ። ሁለተኛው አርጅቷል፤ ዛሬ "አዎ ብሏል" ይላል፣ ነገ "የትኛው ቡና?" ብሎ ይጠይቃል። ልጆቹ ደግሞ ዘንድሮ ተነስተው አባታችን እንዲህ ያለ ነገር አልተናገረም አሉ። እኛ ዘንድ ጃርሳ ቢያ የምንላቸው የአገር ሽማግሌዎች ነገሩን ያዙና ለእሑድ ቀጠሩ፤ ማስረጃ ያለው ይዞ ይምጣ ተባለ። ቡናው መቅላት ጀምሯል። ድምፁ ካልተሰማ የዘንድሮውን የሚለቅሙት ልጆቹ ናቸው፤ የከርሞውንም እንደዚያው። እሷ ከጓሮዋ ጎመን በቀር ሌላ የላትም።

ስልኬን የሞላሁት እኔ ብሆን ኖሮ ራሴን እወቅስ ነበር። ግን እኔ ምን አስቀመጥኩበት? የልጅ ልጆቼ ፎቶና ያ ድምፅ ነው። የቀረው ስገዛው አብሮት የመጣ ነው። ፍራፍሬ የሚያፈነዳ ጨዋታ አለ። የማላውቀው አገር ወሬ የሚያመጣ አለ። ሙዚቃ የሚሸጥ አለ። ስልክ አጸዳለሁ የሚልና ባጸዳ ቁጥር ማስታወቂያ የሚያራግፍብኝም አለ። ጣቴን አቆይቼ ስጫናቸው ሌላው አፕ "አጥፋ" የሚለውን ያሳየኛል፤ እነሱ ግን አያሳዩኝም። የሞላሁትን የአየር ሰዓትም ሲበሉብኝ ኖረዋል። እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ ስልክ አላውቅም። በሰው ቤት ሳይጠሩት ገብቶ አልወጣም የሚልን ግን አውቀዋለሁ።

ዓርብ ጠዋት ጎረቤቴን ይዤ ከሁሩሙ በሚኒባስ መቱ ወረድን። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ድሮ ራዲዮ፣ አሁን ስልክ የሚጠግን ሰው አለ፤ ጺሙ የሸበተ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር። በሩ ላይ ስደርስ ልቤ ተጠራጠረ። ታላቁ ልጅ ባለፈው ገበያ ቀን እዚሁ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ አይቼዋለሁ። ቢሆንም ሌላ የማውቀው ጠጋኝ የለም። ገባሁ።

ስልኩን ከፍቶ ብዙ አገላበጠና "ሀርሜ" አለኝ። በኦሮምኛ እናቴ ማለቱ ነው። "እነዚህ በጣት አይጠፉም። ከፋብሪካ አብረው የተሰፉ ናቸው።"

"ማን ነው ያሰፋቸው?"

"የሠራው ድርጅት ነዋ።"

"ስልኩ የማን ነው?"

"የእርስዎ።"

"እንግዲያው አውጣልኝ።"

ሳቀ። "ለማውጣት ሩት መደረግ አለበት። እንዴት ልበልዎት፣ ቤቱን ሸጠውልዎት የጓዳውን ቁልፍ ግን ይዘውት ሄደዋል።"

"ሌቦች ናቸዋ።"

"ሌቦች እንኳን አይባሉም። ወረቀቱ ላይ ጽፈውታል፤ እኛ አናነብም እንጂ።" ከዚያ ፊቱን ኮስተር አደረገ። "አንድ ነገር ግን ልንገርዎት። ቁልፉን ለማግኘት መቆለፊያው ሲከፈት፣ ስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ፎቶውም፣ ድምፁም። ስለዚህ መጀመሪያ ድምፁን ወደ እኔ ላፕቶፕ እንገልብጠው።"

"አይሆንም።"

"ለምን?"

"አደራ ነው። ከእጄ አይወጣም።"

"ለአንድ ሰዓት ብቻ። ስንጨርስ እያዩ አጠፋዋለሁ።"

"ለአንድ ሰዓትስ ቢሆን ወጣ አይደለም?"

 ካቻቪቴውን ከጠረጴዛው አነሳና መልሶ አስቀመጠው። "ካልሆነ በኬብል ልደብቃቸው እችላለሁ። ሩት አያስፈልገውም፣ ድምፁም አይነካም። ከዓይንዎ ይሰወራሉ፣ ማስታወቂያውም ይቀንሳል። ሥራቸው ግን አይነቀልም፤ የያዙትንም ቦታ አይለቁም።"

"ጓዳ ተደብቀው ሊኖሩ ነው?"

"እንደሱ ነው።"

"አልፈልግም። ይውጡ።"

እዚህ ላይ ብቆም ደግ ነበር። አልቆምኩም። የታላቁ ልጅ ሻይ መጠጣት በዓይኔ መጣብኝና "አንተ ሰውዬ፣ ይጠፋል ይጠፋል የምትለው አስፈራርተህ ድምፁን ልትወስድብኝ ነው" አልኩት። "የእነሱን አውጣ ነው ያልኩህ። የእኔን ማን ያጠፋዋል?"

ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ስልኩን ሁለት ሦስት ቦታ ነካካ፣ በኬብል ከላፕቶፑ ጋር አያያዘና ጽፎ ጽፎ አንድ ቁልፍ መታ። ስልኩ ጠፍቶ ተነሳ። ጥቁር መስኮት ላይ ነጭ ጥቃቅን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ። አንስቶ በእጄ አስያዘኝ።

"ካላመኑኝ ራስዎ ይጫኑ። የተጻፈው ይሄ ነው፤ መቆለፊያው ከተከፈተ በስልኩ ያለ የግል ነገር ሁሉ ይጠፋል። በጎን ያለውን የድምፅ መጨመሪያ ከተጫኑ ይከፈታል። መቀነሻውን ከተጫኑ ይቀራል። እኔ በዚህ እጄን አላስገባም።"

"እውነት እንደዚያ ይላል?"

"እንደዚያ ይላል።"

"መልሰህ አንብበው።"

መልሶ አነበበው፤ ቃሉን አልለወጠም። ፊደሎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ከእነሱ አንዱንም አላውቅም። በጎን ያለው ቁልፍ ረጅም ነው፤ የላይኛው ጫፍ መጨመሪያ፣ የታችኛው መቀነሻ። አውራ ጣቴን የላይኛው ላይ አሳረፍኩ።  የፈለግሁት እንዳይጠፋ ሳይሆን እውነቱ የእኔ እንዲሆን ነበር። ሰውየው ዋሽቶ ከሆነ ድምፁ ይተርፋል፣ እሱም ያፍራል። በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ይኸንን ብቻ ነው።

ከበስተኋላዬ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ የነበረችው ጎረቤቴ "እትዬ፣ ይቆዩ" አለች።

ከቤት ከወጣን ጀምሮ አልተናገረችም ነበር። እኔም አላናገርኳትም።

"ምነው?"

"እኔን ማን ጠየቀኝ?"

ዞርኩ። ተነስታለች።

"ቡናው የእኔ ነው። ድምፁ የባሌ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እርስዎ ጋ ሲቀመጥ አንድ ቀን ልስማው ብዬ አላስቸገርኩም፤ አደራ ነው ሲሉኝ እሺ አልኩ። አሁን ቢጠፋ እሑድ ባዶ እጄን የምገባው ግን እኔ ነኝ፤ እርስዎ አይደሉም።"

"ከእጅሽ እንዳይወጣ ብሎኛል።"

"ብሎዎታል። ለማን ብሎ ነው?"

 ጠጋኙ አንገቱን ደፍቶ የሌላ ሰው ስልክ ሽፋን ይጠርግ ጀመር። እነዚያን አፖች በስልኬ ማን አዘዛችሁ ስል ነው የከረምኩት። በእሷ ድምፅ ላይ ማን አዘዘሽ ያለኝ ግን እስከዚያች ቀን አልነበረም።

ጣቴን አወረድኩና የታችኛውን ተጫንኩ። ስልኩ እንደ ወትሮው ተነሳ።

"ይገልብጡልኝ" አለች ለጠጋኙ፣ ለእኔ ሳይሆን። "እኔም እሳቸውም እያየን።"

መገልበጡም ቀላል አልነበረም። ስልኩ በተነሳ ቁጥር ማስታወቂያው ከእኛ ቀድሞ ይደርሳል። በመጀመሪያው ድምፁ ሳይገኝ ደረቀ። በሁለተኛው ተገኘ፣ መገልበጥ ጀመረ፣ ግማሽ ሳይደርስ ስልኩ ጠፋ። በሦስተኛው ደግሞ መብራት ሄደ። መቱ ውስጥ መብራት መሄዱ ወሬ አይደለም፤ ያን ቀን ግን ሦስታችንም በአንድ ጊዜ ነው ቀና ያልነው።

"የላፕቶፑ ባትሪ ደካማ ነው" አለ ጠጋኙ። "ካልነካነው አርባ ደቂቃ ይቆይ ይሆናል። ስልኩን ማንም አይንካው፤ ጠረጴዛውንም አትደገፉ።"

"መተንፈስስ ይቻላል?" አለች ጎረቤቴ።

"በቀስታ።"

አራተኛው ላይ አለፈ። ከላፕቶፑ ድምፁን ሲከፍተው የሟቹ ሳል ቀድሞ ወጣ፤ ከዚያ "ቡኒ ለገ ጪና ከን ኢሼቲ" አለ፤ የወንዙ ዳር ቡና የእሷ ነው ማለቱ ነው። እሷ እጇን ከአፏ ላይ አድርጋ ትንሽ ሰማችና "ይብቃ፣ ለእሑድ ይቆይ" አለች። ጠጋኙ ዘጋው። በትንሽ ሚሞሪ ካርድ ላይም ገልብጦ ለራሷ ሰጣት።

መብራቱም ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ ሩት ለማድረግ የሚከለክለኝ አልነበረም። ጥቁሩ መስኮት መልሶ ሲመጣ ስልኩን ሊያቀብለኝ እጁን ዘረጋ። ጎረቤቴን አየኋት፤ እሺ ብላ አንገቷን ነቀነቀች። የላይኛውን ተጫንኩ። ስልኩ ጨለመ። ለረጅም ጊዜ ጨለመ። ጠጋኙ "ባይነሳ በእኔ አይበሉ፤ አንዳንዱ እዚህ ላይ ይሞታል" አለ። ይህን አስቀድሞ ያልነገረኝ ለምን እንደሆነ ልጠይቀው ስል አርማው መጣ።

ባዶ ሆኖ ተነሳ፤ የልጅ ልጆቼም ፎቶ የለም፣ የማንም የለም። እነዚያ ግን እዚያው ረድፋቸውን ይዘው ቆመዋል። ሰው የሞተበት ቤት ውስጥ ካርታ ሲጫወቱ እንዳገኘኋቸው ተናደድኩ። ጠጋኙ ሌላ ነገር ጫነበት፣ ሁለት ጊዜ አስነሳው፣ ከዚያም አንድ በአንድ ነቀላቸው። "የባንክ አፕ ካለዎት ከዚህ በኋላ እምቢ ሊል ይችላል፣ የተከፈተ ስልክ አያምንም" አለኝ። የለኝም አልኩት። ሙዚቃ ሻጩ ሄደ፤ ወሬኛው ሄደ። አጽጂ ነኝ ባዩን እኔ ራሴ ላጥፋው ብዬ ለመንኩት።

ሲጨርስ ድምፁን መለሰልኝና ከላፕቶፑ ላይ እያየን አጠፋው።

"ጠርጥሬህ ነበር" አልኩት።

"አውቃለሁ ሀርሜ። የአገሩ ሰው ስልክ ሁሉ በዚህ ጠረጴዛ ያልፋል። የጠርጣሪውም፣ የተጠርጣሪውም።"

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በእድራችን ቤት ተሰበሰብን። ሽማግሌዎቹ በአግዳሚው፣ ሁለቱ ልጆች በበሩ በኩል ተቀመጡ። ስልኩን ከሽማግሌዎቹ ፊት አስቀመጥኩና እንድትከፍተው ለጎረቤቴ ተውኩላት። ማስታወቂያ አልመጣም። ሟቹ ሳለ፤ ተናገረ።  ታናሹ ልጅ ወደ ወንድሙ አየ፤ ወንድሙ ወደ መሬት ያያል።

ቃሉ ካበቃ በኋላ እኔ የረሳሁት ነገር መጣ። ቀረጻውን ሳልዘጋ ጥቂት ቆይቼ ኖሯል። ሟቹ ድክም ባለ ድምፅ ታላቁ ልጄ ከቡሬ መጣ ወይ ብሎ ጠየቀ። የእኔ ድምፅ "ገና ነው፣ መንገድ ላይ ነው" አለ። ያን ጊዜ ልጁ ቡሬ ቡና ይነግድ ነበር፤ የደረሰው ለቀብር ነው።

ሽማግሌዎቹ ብዙ አልተማከሩም። የወንዙ ዳር ቡና የእሷ ነው፣ ሌላው የልጆቹ ነው አሉ። ታናሹ "እሺ" አለ። ታላቁ እሺም እምቢም አላለም። ሰዉ መውጣት ሲጀምር ወደ እኔ መጣና "እትዬ" አለኝ፤ ከዚያ በፊት እንዲያ ብሎኝ አያውቅም። "ያንን የመጨረሻውን ቁራጭ ለእኔ ቢልኩልኝ?"

አፌን ልከፍት ነበር። ዘጋሁት።

"እሷን ጠይቃት" አልኩት።

ጠየቃት።  ነጠላዋን አስተካከለች፣ ወደ ውጪ አየች። እሱም ቆሞ ጠበቃት።

"ማክሰኞ መልቀም እጀምራለሁ" አለችው በመጨረሻ። "ቅርጫት ይዘህ ና። እዚያ እሰጥሃለሁ።"