ጋሽ ብሩሽና የማይነካው ፋይል

ሠፈሩ ሁሉ ጋሽ ብሩሽ የሚላቸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሱቅ ታፔላ ሲጽፉ ስለኖሩ ነው። የታፔላ ሥራ እየቀዘቀዘ ሲመጣ ከእህታቸው ልጅ ጋር አንዲት ጠባብ ቢሮ ተከራይተው የዌብሳይት ሥራ ጀመሩ። እሷ ኮዱን ትጽፋለች፣ እሳቸው ቀለሙንና የፊደሉን መልክ ያሳምራሉ። እውነት ለመናገር ዓይናቸው የተባረከ ነው። ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጡ ግን ችክ ያሉ ሰው ናቸው፤ አንዷን ሰማያዊ ቀለም ሁለት መቶ ቦታ በእጃቸው ይጽፏታል እንጂ አቋራጭ የሚባል ነገር አይወዱም።

እንዲህ እያሉ ስድስት ዓመት ሠሩ። ዘንድሮ ልጅቷ ሌላ ከተማ ጥሩ ሥራ አገኘች። እሰይ የሚያሰኝ ነገር ነው፣ ግን አጎቷን ጥላ ለመሄድ አንጀቷ አልችል አለ።

«ጋሼ፣ ቢሮውን ብቻዎን ማንቀሳቀስ ከቻሉ እሄዳለሁ። ካልቻሉ የትም አልሄድም» አለቻቸው። ቀጣሪዎቿንም ለምና የመግቢያዋን ቀን አስገፋች።

ሰኞ ዕለት አንድ ቀላል መሣሪያ ኮምፒውተራቸው ላይ አዘጋጀችላቸው። «ምንጭ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ቀለሙ ስም ተሰጥቶት አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል። ሴቭ ሲደረግ መሣሪያው ያንን ያነብና ብራውዘሩ የሚያነበውን፣ የገጹን ቀለምና ፊደል የሚወስነውን ረጅሙን የስታይል ፋይል ራሱ ጽፎ «ውጤት» የሚባለው ፎልደር ውስጥ ያስቀምጠዋል።

«ውጤቱን እንዳይነኩ፤ ምንጩን ብቻ» ብላ ሦስት ጊዜ አስጠነቀቀቻቸው።

ምን ያድርጉ? የለመዱት ረጅሙን ፋይል ነው። እሱኑ ከፍተው የአንድ ዓይን ክሊኒክን ገጽ ፊደል ተለቅ አደረጉት። ወዲያው እሷ ምንጩን ሴቭ ስታደርግ መሣሪያው ፋይሉን እንደ አዲስ ጻፈውና የጋሽ ብሩሽ ሥራ ድራሹ ጠፋ። ማክሰኞም ያው ሆነ።

«ይሄ ዕቃ ጠምዶ ይዞኛል» ብለው አኮረፉ። ልጅቷ አልተቆጣችም። አጠገባቸው ተቀምጣ ከሀ ጀምራ አስረዳቻቸው።

ረቡዕም፣ ሐሙስም፣ ዓርብ ጠዋትም የነኩት ያንኑ ፋይል ነው፤ የሠሩትም ያው ጠፋ። የልጅቷ ፊት እየገረጣ ሄደ። ዓርብ ከሰዓት ስልኳን ይዛ ኮሪደር ወጣች፤ በሩ ግን ገርበብ ብሎ ስለነበር ድምፅዋ ይሰማል።

«አንድ ሳምንት ብቻ ጨምሩልኝ» አለች። እሺ አላሏትም መሰል። «ይገባኛል። ሰኞ ካልመጣሁ ለሌላ ሰው ስጡት፤ አልቀየማችሁም።»

ጋሽ ብሩሽ ይህን ሰምተው የከፈቱትን ረጅሙን ፋይል ዘጉት። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፤ እንደምንም ፈገግ ብላ ወንበሯን ሳበችና «በሉ ጋሼ፣ እንደገና እንሞክር» አለች።

«ተቀመጪ። እጅሽን እንዳታስገቢ» አሏት።

አዲስ ባዶ ፎልደር ከፈቱ። ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ላይ በሁለት ጣት እየለቀሙ መሣሪያውን እንደ አዲስ ራሳቸው ጫኑት። ምንጩ የቱ እንደሆነ፣ የክሊኒኩ ገጾች እንዲያነቡትም ውጤቱ የት እንደሚቀመጥ በአጭር ፋይል ጻፉለት። ምንጩን ቀለም ለብቻ፣ ፊደል ለብቻ አድርገው ከፋፈሉት። አንድም ጊዜ ቀና ብለው አላዩዋትም። በመጨረሻ የሰማያዊውን አንድ መስመር ለወጡና ሴቭ አደረጉ። የክሊኒኩ ሃያ ሁለት ገጽ ባንዴ ቀለሙን ቀየረ።

ልጅቷ አፏን ይዛ ቀረች። እንዲህ ያለ ሥራ ገና ዛሬ የገባው ሰው አይሠራውም።

«ጋሼ፣ ይሄን መቼ ነው የቻሉት?»

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ያብሱ ጀመር።

«ረቡዕ» አሏት።

«ታዲያ ትናንትስ? ዛሬ ጠዋትስ?»

«ሆን ብዬ ነው ስነካው የነበረው። ከቻልኩ ትሄጃለሻ። አጠገቤ ተቀምጠሽ ከሀ ስታስጀምሪኝ ደስ አለኝ። ትንሽ ብታቆዪው ምን አለበት ብዬ ነው እንጂ ሥራው ያመልጥሻል ብዬ አላሰብኩም። ይቅር በይኝ የኔ ልጅ።»

ልጅቷ ተናዳለች፣ አልዋሽም። ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ ያጣችው በሳቸው ጉዳይ ነው። ግን ፊታቸውን ስታየው ንዴቱ አልዘልቅ አላት፤ ጎንበስ ብላ ግንባራቸውን ሳመቻቸው።

«በይ ደውዪላቸው» አሉና ስልኳን አነሱላት። «ሰኞ እመጣለሁ በያቸው።»

ደወለች። እዚያ ማዶ ሰው እስኪያነሳ ድረስ እጇን አልለቀቋትም።